ለዳገት ወይስ ለዋልካ

መኪና ሊገዛ የሄደው ባሌ ከደሴ የተመለሰው በመኪና ፈንታ ምርጫ ይዞ ነው። ገና በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ፣ «ሁለት ዓይነት አለ። አካሉም ቀለሙም አንድ ነው፤ የሚለየው ሞተሩ ብቻ ነው» አለኝ።

አንደኛው ባለ አራት ፒስተን ነው፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ ቤንዚን የማያበዛ። ደሴ ወኪሉ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ነገ እንውሰድ ብንል ይሰጡናል። ሁለተኛው ባለ ስድስት ነው፤ ጉልበተኛ ነው ይሉታል። እሱ ግን ገና በመርከብ አሰብ ገብቶ፣ በረሃውን አቋርጦ በባቲ በኩል እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ባሌ መቼ እንደሚደርስ ቢጠይቅ ወኪሉ «የባሕር ነገር ነው» ከማለት በቀር አልመለሰለትም።

ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ሆዴ ገና መታወቅ መጀመሩ ነው። ባሌ ስለ ሞተር እየነገረኝ ዓይኑ ሆዴ ላይ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ ነው። የምንኖረው ከከሚሴ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚያስገባው በጨፋ ሸለቆ ነበር። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፤ በክረምት ደግሞ እንደ ሊጥ እየተለጠጠ የያዘውን አይለቅም። ማሽላ ግን ይወድለታል። ባሌና ታላቅ ወንድሙ ያንን ማሽላና ከሰንበቴ ገበያ የገዙትን ፍየል ባቲ ወስደው ይሸጡ፣ ከባቲ ደግሞ ጨው ይዘው ይመለሱ ነበር። ጣሊያን ትቷት የሄደ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው፤ እሷም ካረጀች በኋላ ግቢያችን ውስጥ ዶሮ ማደሪያ ሆነች። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች ያላቸውን አዋጥተው አዲስ ፒካፕ ሊገዙ ተነሡ።

ሰው ሁሉ ይህ መኪና ለማሽላ የሚገዛ ይመስለው ነበር። እኔና ባሌ ግን አንድ ዳገት በልባችን ነበረ።

ከዚያ በፊት አንድ ወንድ ልጅ አርግዤ ነበር። ቀኑን ሳይጠብቅ ምጥ ያዘኝ። የሰፈሩ አዋላጅ እቤት ውስጥ ስትታገል ቆይታ በመጨረሻ እጇን አጥባ፣ «ልጁ መንገድ አጥቷል፤ ሐኪም ካልሆነ እኔ አልችለውም» አለች። በቃሬዛ ዋናው መንገድ ላይ አውጥተው አንድ የጭነት መኪና ለምነው ጫኑኝ። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ደህና ሄደ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ፈላ። ወንዶቹ ወርደው ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ፤ ውሃ ፍለጋ ገደል ወረዱ፤ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጡ። ትንሽ ሄዶ እንደገና ፈላ። እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና ውሃ። እኔ ጆንያ ላይ ተኝቼ ልጄ ሆዴ ውስጥ ሲራገጥ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ መራገጡን ተወ። የመኪናው ሞተር በርዶ ሲነሣ የልጄ እግር ጸጥ ብሎ ነበር።

ደሴ ሆስፒታል የነበረው ፈረንጅ ሐኪም የተናገረውን ነርሷ በአማርኛ ነገረችን። «ዳሌሽ ጠባብ ነው። በኦፕራሲዮን እንጂ በራስሽ አትወልጂም። ሌላ ጊዜ ካረገዝሽ በመጨረሻው ወር ምጡ ሳይጀምርሽ እዚህ ነይ።» ያንን ህፃን ይዘው የተመለሱት፣ አጥበውም የቀበሩት የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። ባሌ አቅም አጥቶ ነበር።

በመጨረሻው ወር መምጣት ቀላል ይመስላል። ደሴ ዘመድ የለንም፤ ዓይናቸው የጠፋ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ በእኔ እጅ ናቸው። ቢሆንም እንደምንም ብለን እንሄዳለን ብለን ወስነናል። የሚያስጨንቀን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ልጄ ቀኑን አልጠበቀም፣ ሁለተኛውስ ባይጠብቅ?

የሞተሩ ነገር በታላቅ ወንድሙ ቤት ተነሣ። እሳቸው ንግዱንም ቤተሰቡንም በትከሻቸው የያዙ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። መኪና መንዳት አያውቁም፤ መሬት ግን ያውቃሉ። አማቴ ጥግ ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው የዱዓ መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። እኔ እራት አቅርቤ ወደ ኋላ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ትንሹን ውሰድ» አሉት። «በእጅ ያለ ነው። ደግሞ ትልቁ አፍንጫው ከባድ ነው፤ ያ ሁሉ ብረት የሚያርፈው ከፊት ነው። እኛ የምንኖረው አስፋልት ላይ መስሎህ ነው? ክረምት ሲገባ ይህ ዋልካ በሬ ይውጣል። ትንሹ ቢሰምጥ ጎረቤት ገፍቶ ያወጣዋል። ትልቁን ማን ያወጣዋል?»

«ዳገት ላይስ፣ አያ?» አለ ባሌ።

«የቱ ዳገት? የባቲውን ትንሹም ቀስ ብሎ ይወጣዋል።»

«ጭነት ሲበዛ…»

«ጭነት ሲበዛ ይቀነሳል።»

ባሌ አልተወም። ደግሞ ስለ ጆንያ አነሣ፣ ስለ ፍየል አነሣ፤ አንዱም አላዋጣውም። የሚስቱን ማህፀን ነገር በታላቁ ፊት ማንሣት ነውር ሆኖበት ዙሪያውን ይዞራል።  ቢናገር አፍራለሁ፤ ካልተናገረ ደግሞ ያ ዳገት ይጠብቀኛል።

አማቴ ነገር ሲከብዳቸው ወደ ኦሮምኛ ነበር የሚሄዱት። ሙስበሃቸውን ያዝ አድርገው ትልቁን ልጃቸውን በኦሮምኛ፣ «አንተ፣ ይህ ልጅ እኮ የሚያወራው ስለ ማሽላ አይደለም» አሉት።

 ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ወደ እኔ ሊያዩ ብለው ተዉት። ያቀፉት ህፃን ትዝ ብሏቸው ይሆናል፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት።

«እንግዲያው ሂዱና ትንሹን እዚያው ዳገት ላይ ሞክሩት» አሉ በመጨረሻ። «ከወጣ አሁኑኑ ይዛችሁት ኑ። ካልወጣ ትልቁን ጠብቁ። እሷም ትሂድ፤ የሚሰማት እሷን ነው።»

መጋቢት ላይ ሄድን። ወኪሉ መጀመሪያ «አዲስ መኪና ጭኖ መሞከር አይቻልም» ብሎ ነበር፤ ባሌ ሲለምነው እሺ አለና ሹፌሩን አዘዘልን። ኮምቦልቻ ወርደን ማሽላ ጫንን። እኔን መሀል አስቀመጡኝ። ሹፌሩ የደሴ ሰው ነው፤ ሥራው መኪና መሸጥ ስለሆነ በሄድን ቁጥር ያሞግሰዋል። «ወንበሩን እዩልኝ። ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ እዩልኝ።» ሜዳው ላይ እውነትም እንደ ውሃ ይሄድ ነበር።

ዳገቱን እንደያዝን ድምፁ ተለወጠ። ሹፌሩ ማርሽ ቀነሰ። ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በኋላ እንደገና ቀነሰ። ከእግሬ ሥር የሚመጣው ሙቀት ሽንጤ ድረስ ተሰማኝ፤ የጋለ ብረት ሸተተኝ። አንድ ዘንግ የያዘ ሽማግሌ በእግሩ እየወጣ ነበር፤ እሱን ለማለፍ ብዙ ፈጀብን። ወዲያው ሹፌሩ ጥግ ይዞ አቆመ።

«ምን ሆነ?» አለ ባሌ።

«ምንም አልሆነም። ትንሽ ይረፍ። ይወጣል እኮ፤ ይወጣል፤ ግን እያረፈ ነው።»

«ምጥ አያርፍም» አልኩት።

ሹፌሩ ያን ጊዜ ገና ሆዴን አየ። ሞተሩን አጥፍቶ እጁን መሪው ላይ አደረገ። ከታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ያበራል። 

«ባዶውን ከሆነ» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ፣ «ባዶውን ሳያርፍም ይወጣ ይሆናል።»

«ይሆናል ነው ወይስ ይወጣል?» አለ ባሌ።

«ይሆናል።»

ባሌ በሩን ከፍቶ ወረደ። መንገዱ ዳር ቆሞ ገደሉን ያያል።  ተመልሶ ሲገባ፣ «ይሆናል የሚባል ነገር ላይ ልጄን አልጭንም» አለና ለሹፌሩ «መልሰን» አለው። በዚያው ዕለት ትልቁን አዘዝን። ወኪሉ «ሰኔ ሳይገባ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ» አለን።

መጠበቅ ሰውን እንደዚያ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ሚያዝያ ሄደ። ትንሹን ሌላ ሰው ገዝቶ ወሰደው ተባለ። ባሌ በሳምንት በሳምንቱ በአውቶቡስ ደሴ እየወጣ ይጠይቃል፤ መርከቡ ገና ነው፣ መርከቡ ገብቷል ግን ዕቃው አልወረደም፣ ወርዷል ግን ጉምሩክ ነው። ሲመለስ ከፊቱ አነባለሁ፤ አልጠይቀውም። ማሽላውን ግመልና አህያ እየተከራዩ ነበር የሚያጓጉዙት፤ ጎተራ የቀረውን ነቀዝ ጀመረው። ዋርሳዬ አንድ ቀንም «እኔ ብያችሁ ነበር» አላሉም። ቢሉ ይሻለኝ ነበር።

ሆዴ ገፋ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ጎረቤቶቼ ውሃ ስቀዳ ከእጄ እየተቀበሉ፣ «ረቢ ነጋን ሲ ሃ ሂኩ» ይሉኛል፤ ጌታ በሰላም ይፍታሽ ማለት ነው። አሚን እላለሁ። ቤት ገብቼ ግን አማቴ እንዳይሰሙኝ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቅሳለሁ። ዓይናቸው ባያይም ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ጠርተው ራሴን ጭናቸው ላይ አስደገፉኝና ምንም ሳይሉ ጸጉሬን ሲዳብሱ ዋሉ። ባሌ ደግሞ መብል ተወ። ሶላቱን ጨርሶ እጁን ዘርግቶ እንደተቀመጠ ይቀራል፤ ዱዓ ያድርግ፣ መርከብ ይቁጠር አላውቅም።

መኪናው የመጣው ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ባሌ ራሱ እየነዳው ደረሰ። ድምፁ ከሩቅ ነበር የሚሰማው፤ ዝቅ ያለ፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ ዓይነት ድምፅ። ሴቶች እልል አሉ። ሽማግሌዎች መረቁ። እኔ እጄን ኮፈኑ ላይ አድርጌ ሙቀቱን ይዤ ቆምኩ። ዋርሳዬ ዙሪያውን ዞሩትና ከፊት ጎማው ዘንድ ቁጢጥ አሉ። ጎማው በቆመበት፣ በግቢያችን በራሱ መሬት፣ እየገባ ነበር። በጣታቸው ጥልቀቱን ለክተው ተነሡና፣ «ክረምቱን ከሚሴ መንገድ ዳር ይደር። ወደዚህ አይግባ» አሉ።

እንዳሉት ሆነ። መኪናው ከሚሴ አንድ ወዳጃችን ግቢ ያድር ጀመር። ደሴ ላይም አንዲት ደግ ሴት ሆስፒታሉ አጠገብ ክፍል ልታከራየን ተስማማች፤ ነሐሴ ሲጋመስ እሄዳለሁ ተባለ። ትንሽ ትንፋሽ አገኘሁ። ዝናቡም ለጥቂት ቀን ቆም አለ፤ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ላይ ላዩን ደረቀ። ጎተራ ያለው ማሽላ በነቀዝ ከማለቁ በፊት ባቲ ይድረስ ብለው መኪናውን አስገብተው ጫኑት። በነጋታው ጧት ሊሄዱ ነው። ሌሊቱን ሰማዩ ተቀደደ።

ጎህ ሲቀድ ውሃዬ ፈሰሰ።

ባሌን ቀስቅሼ ስነግረው አላመነኝም። «ገና ነው እኮ» አለኝ፤ እንደ ልጅ። «ገና ነው፣ ደሴ ለመሄድ ሳምንት ይቀራል።» ከዚያ ሮጦ ወጣ። እሱና ወንድሙ ጆንያውን ከመኪናው ላይ እያወረዱ ጭቃው ላይ መጣል ጀመሩ። ያ ሁሉ ማሽላ ዝናብ ላይ ተዘረገፈ። እኔን ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ አስገቡኝ፤ አዋላጇ ከጎኔ ሆና ወገቤን ያዘች። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ባዶ አየር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ።

ከግቢው ወጣን። ሞተሩ አይታማም፤ የመጀመሪያውን ረግረግ ቀደደው። እንደርሳለን ብዬ አሰብኩ። ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ ካለው ርቀት ግማሹን ሄደን፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ስንደርስ፣ መኪናው በአፍንጫው ወደ ፊት ተደፋ። እንደ ተንበረከከ ግመል። ባሌ ቤንዚን ረገጠ። የኋላው ጎማ እየዞረ ጭቃ እላያችን ላይ ረጨው፤ የፊቱ ግን ወደ ታች ገባ። ረገጠ። ገባ። ያ የጠበቅነው ጉልበት ሁሉ ራሱን ይቀብር ጀመር።

ዋርሳዬ ከኋላ እየሮጡ ደረሱ። «ተው፣ ልጄ ተው። እየቀበርከው ነው» አሉት። ባሌ አልሰማም። በመስኮቱ ክንዳቸውን አስገብተው እጁን ከመሪው ላይ አላቀቁት። ያን ጊዜ ባሌ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ «ገደልኳት፣ አያ። በገዛ እጄ ገደልኳት» አለ። እኔ በዚያ ሰዓት ለማጽናናት አፍ አልነበረኝም። ምጡ እየመጣ ይሄዳል፤ ልጄ በዚህም በዚያም ይገፋል፤ በልቤም አንድ ነገር ብቻ ነበረ፦ ይህኛውም መራገጡን ሊተው ነው።

ዋርሳዬ ጊዜ አልፈጁም። ሰው ጠሩ። ከዳርና ዳር ካለው እርሻ ወንዱም ሴቱም መጣ። «ቃሬዛ አምጡ። እሷ በትከሻ ትውጣ፤ እኛ ይህንን እናወጣለን። የሚቀድመው ይቅደም» አሉ። በሬ ያለው በሬውን ይዞ መጣ። እሳቸው ልብሳቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ እስከ ወገባቸው ገቡና ሰንሰለቱን በእጃቸው ከመኪናው ሥር እየፈለጉ ማሰር ጀመሩ። ስሄድ ያየኋቸው እንደዚያ ሆነው ነው፤ ጉንጫቸው ጭቃው ላይ ተለጥፎ።

ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ጭቃው ውስጥ እርምጃቸው እንዲገጥም አንድ ላይ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይሉ ነበር። ደግ አስበው ነው። ግን ቃሬዛ ይዘው ሲሄዱ ያንን ዜማ የሚሉት ሬሳ ሲሸኙ ነው። ሰማዩን እያየሁ፣ ዝናቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ያንን ድምፅ ስሰማ የሞትኩ መሰለኝ። መቃብር እየወሰዱኝ መሰለኝ። እጄን አውጥቼ የቃሬዛውን እንጨት ያዝኩና፣

«ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ሌላ በሉ» አልኳቸው። «ገና አልሞትኩም።»

 ጥቂት በዝምታ ሄዱ፤ እግራቸው ጭቃውን ሲለቅ ብቻ ይሰማል። ከፊት የያዘው ጎረቤታችን፣ ሽበታም ሰው ነው፣ ማሽላ ሲወቁ በኦሮምኛ የሚሉትን ዜማ ጀመረ። ሌሎቹ ተቀበሉት። በዝናብ መሀል፣ ማሽላው ገና አገዳ ላይ እያለ፣ የአውድማ ዜማ እየዘፈኑ አስፋልት ላይ አወጡኝ። ከእነሱ ግማሾቹ እያለቀሱ ነበር።

መንገዱ ዳር የግራር ሥር አስቀመጡኝ። ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ አለፈ፤ አልቆመልንም። ምጡ ሲበረታ አዋላጇ «አትግፊ፣ አትግፊ» ትለኛለች፤ ግን ሰውነቴ የኔ አልነበረም። አንድ ጊዜ ውስጤ የሆነ ነገር ተቀደደ፤ እንደ ጨርቅ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ራቀኝ። መራቁ ነው ያስፈራኝ።

ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም። መኪናው ከሥር እስከ ጣራው ጭቃ ሆኖ ከሸለቆው ወጣ። ከኋላው በሬዎቹ ቀንበራቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ባሌ ይነዳል፣ ዋርሳዬ ከኋላ መጫኛው ላይ ቆመዋል። አስገቡኝና ሄድን።

ሐርቡን፣ ኮምቦልቻን እንዴት እንዳለፍን አላውቅም። ዳገቱን ግን አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ሞተሩን አዳመጥኩ። ድምፁ ይለወጣል ብዬ፣ የጋለ ብረት ይሸተኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጠመዝማዛው መጣ፣ ወደ ጎን ዘንበል አልኩ፤ ሌላው መጣ። ባሌ ከንፈሩን ነክሶ ይነዳል። ሞተሩ አልፈላም፣ አላረፈም፣ ዳገቱን ከቁብ አልቆጠረውም። ያንን የመጀመሪያ ልጄ የቀረበትን ቦታ ሳናውቀው አለፍነው። ያን ሁሉ ወራት የለመንነው ይህንን ነበር። ሲመጣ ግን ደስታ የሚገባበት ቦታ ሰውነቴ ውስጥ አልነበረም።

ሆስፒታል በር ላይ ከመኪናው ሲያወርዱኝ ወንበሩ በደም ርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መብራት ብቻ ነው።

ስነቃ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የስንተኛው ቀን እንደሆነ አላወቅኩም። ነርሷ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ሴት ልጅ ናት። በሕይወት አለች» አለችኝ። አልገባኝም፤ ደግማ ነገረችኝ። ክንዴ ላይ አመጣችልኝ። ግንባሯ ላይ ሰማያዊ ሆኖ የተመታ ምልክት ነበር፤ ለመውጣት ስትታገል የተመታችው ነው። ነርሷ ግን አልሄደችም። ቆማ አንሶላውን ታስተካክላለች።

«ማህፀንሽ ተቀዶ ነበር፣ እህቴ» አለችኝ። «ደሙ አልቆም ሲል ሐኪሙ አወጣው። ሌላ ልጅ አይኖርሽም።»

ከመስኮቱ ውጭ ባሌ መኪናውን ሲያጥብ ይታየኝ ነበር። ከጎማው ውስጥ ያንን ጥቁር ዋልካ በእንጨት እየፋቀ ያወጣል፤ ጨርሶ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሲገባ እኔው ነገርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የልጅቷን እግር በመዳፉ ያዘው። 

«ትንሹን ብንወስድ ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «አይሰምጥም ነበር።»

«ዳገቱ ላይ ያርፍ ነበር» አልኩት።

«ባዶውን ነበርን እኮ። ባዶውን ምናልባት…»

አልጨረሰውም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ፣ ቁጭ ባልንበት፣ አንዳንዴ «ባዶውን…» ይልና ይተወዋል። እኔም አልጨርስለትም። የትኛው ይሻለን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱንም ሞተር በሐሳቤ ያንን መንገድ ስንት ጊዜ እንዳመላለስኳቸው አላህ ያውቃል፤ አንዱ ዋልካው ላይ፣ አንዱ ዳገቱ ላይ ይቀርብኛል።

ወደ ቤት የተመለስነው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ሸለቆው ቢጫ አበባ ለብሶ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ እኛ የሚያስገባው መንገድ ጋ ስንደርስ ባሌ መኪናውን አቆመ። ያ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ቃሬዛ የተሸከሙት ጎረቤቶቻችን፣ ሌሎችም፣ ከቦርከና ዳር ድንጋይ በአህያ እያመጡ ጭቃው ላይ ይደረድራሉ። ዋርሳዬ ልብሳቸውን ሰብስበው መሀል ላይ ናቸው። የማሽላ ሥራቸውን ትተው ሲለፉ ሰንብተዋል፤ ከግማሽ በላይ አልቋል።

ሲያዩን መጡ። እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ሳያዩ በመስኮቱ በኩል ልጅቷን ብቻ አዩ። ጣታቸው ጭቃ ስለነበረ አልነኳትም። ፊታቸው እንደዚያ ሲፈታ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«መሻአላህ» አሉ። ከዚያ ለባሌ፣ «እስከ ጥምቀት እንጨርሰዋለን። ለሚቀጥለው ልጅ ዋልካ የሚባል ነገር አይኖርም» አሉት።

ማንም አልነገራቸውም ነበር፤ ከደሴ የተመለሱት እኔ ሳልነቃ ነው። ባሌ ወደ እኔ አየ።  ሰዎቹ ድንጋይ እንደያዙ ቆመው ያዩናል፤ እስከ አሁን በትከሻቸው የያዙኝ ይመስል እንደ ገዛ እህታቸው ያዩኛል።

«ለሌላውም ሰው ይሆናል» አልኩ። «ደርድሩት።»

ዋርሳዬ ያን ጊዜ ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ። ገባቸው። ራሳቸውን አንድ ጊዜ ነቀነቁና ተመልሰው ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ሌላ ድንጋይ አነሡ። ባሌም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ጫማውን አውልቆ ከጎናቸው ገባ። እኔ ልጄን ይዤ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ሥራቸውን እስኪያቆሙ ድረስ አየኋቸው።